ማስተካከያ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና እርግዝና

በጎንደር ለነፍሰ ጡሮች ባሰራጨነው ወረቀት ላይ «የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሚወስዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች 10ሩ የአካል ጉድለት ይኖራቸዋል» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ቁጥሩ ቫልፕሮኤት የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ብቻ ነው፤ እሱም መጠኑ በጨመረ ቁጥር ይከፋል፣ የልጁን የመማር አቅምም ይጎዳል። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሲታም በተባሉት ሌሎች መድኃኒቶች ከ100 ልጆች 3 ገደማ ነው፤ መድኃኒት ከማይወስዱት ብዙም አይርቅም። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ፌኖባርቢታል 6 አካባቢ ነው።

በ«10»ሩ ደንግጦ ወይም ጸበል ለመግባት ብሎ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ማቋረጥ ግን የባሰ አደጋ አለው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ፣ እናትንም ፅንስንም ሊገድል ይችላል። ጸበሉ ከኪኒኑ ጋር አይጣላም።

ሌላው፣ ፎሊክ አሲድ (የፅንሱን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ከጉድለት ለመከላከል የሚረዳ ቫይታሚን) «5 ማይክሮግራም» የተባለው 5 ሚሊግራም ተብሎ ይነበብ፤ ልዩነቱ 1000 እጥፍ ነው። ሐኪም ሲያዝ በቀን አንድ ባለ 5 ሚሊግራም ፍሬ ነው፣ ያውም ከማርገዝ በፊት ጀምሮ። ወደ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚለወጠው የፅንሱ ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል፤ የወር አበባ ቀረ ተብሎ ምርመራ እስኪደረግ ብዙ ጊዜ ጊዜው አልፎ ይገኛል። መድኃኒት መቀየርም እንዲሁ ከእርግዝና በፊት፣ ከሐኪም ጋር ነው የሚሠራው።