«12 ሰዓት ነው» ማለቱን ተዉን!

ኧረ በፈጠራችሁ! ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ በየፎቁ ያላችሁ ትኬት ቆራጮች፣ ሰው «ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲላችሁ ስልክ ነካ ነካ አድርጋችሁ «12 ሰዓት ከምናምን» አትበሉ። ያ የጉዞ ሰዓት አይደለም፣ የማካፈል ውጤት ነው። ከቦሌ ደለስ (የዋሽንግተኑ ኤርፖርት፤ ዳላስ አላልኩም፣ ዳላስ ቴክሳስ ነው) በአየር ቀጥታ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ተብሎ ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ50 ይወጣል፣ አለቀ። ንፋስ የለ፣ ነዳጅ የለ፣ አስፋልት ላይ ተራ መጠበቅ የለ። አንዳንዱ ደግሞ 6,240 ማይል የሚል ያይና በ1.6 አባዝቶ «10,000 አይሞላም» ይላል። የባሕር ማይል እኮ ነው፣ በ1.852 ነው የሚባዛው!

ዋናው ጉድ ያለው እዚሁ ቦሌ ነው። ኤርፖርቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል። ለመነሳት ተጨማሪ ፍጥነትና ተጨማሪ መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ አስፋልቱ ግን ያው 3,800 ሜትር ነው፣ ጎማውም የፍጥነት ልክ አለው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ነው። ሰውና ጭነት ገንዘብ ነው፣ የሚቀነሰው ነዳጅ ይሆናል። የቀረው መንገድ ላይ ይቀዳል፤ ያ ማረፊያ፣ ከፊት የሚመጣው ንፋስ ተጨምሮበት፣ ጉዞውን ወደ 16 እና 17 ሰዓት ያደርሰዋል። የመልሱ ጉዞ ሌላ ነው። ደለስ 95 ሜትር ላይ ነው፤ ነዳጁን እስከ አፉ ሞልቶ ይነሳል፣ ንፋሱም ከኋላ ይገፋል፣ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ነው።

ትኬቱን አይቶ የሚቀንሰውስ? 22:45 ተነስቶ በማግስቱ 08:30 ሲገባ «10 ሰዓት እንኳ አይሞላም!» ይላል። ሁለቱም የየአገሩ ሰዓት ነው። በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ይደመርበታል፤ እነሱ ሰዓት ይቀያይራሉ፣ እኛ አንቀይርም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የ00:30 ነገር ነው። ትኬቱ «እሁድ 00:30» ካለ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሌሊት 6:30 ማለት ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ቅዳሜ ማታ 3:30 ነው። ይህቺን አንዲት መስመር በእስክሪብቶ ትኬቱ ላይ መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? ሳትጽፉለት የቀራችሁት ሰው እሁድ ማታ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ፣ ድርቆሹንና በርበሬውን አሽጎ ቦሌ ሲደርስ፣ አውሮፕላኑ ደለስ ገብቶ ተሳፋሪ ካወረደ አራት ሰዓት ሆኖታል።