አብራሪ ለመሆን፦ በብድር ባንዴ ወይስ ከኪስ ቀስ በቀስ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «አሜሪካ የሚኖር፣ ቀን ኡበር እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሐበሻ የንግድ በረራ አብራሪ ለመሆን ካሰበ፣ ተበድሮ በፈጣን አካዳሚ መማሩ ያዋጣዋል።»

ደጋፊ፦ ርካሹ መንገድ ቶሎ መጨረስ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚበር ሰው የረሳውን ለማስታወስ ብቻ ብዙ ደቂቃ ያቃጥላል። ትንሿ የማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ ሴስናዋ፣ ከተነሳች ደግሞ ሒሳቡ ይቆጥራል፤ የአስተማሪውም እንደዚያው። ለግል አብራሪነት ፈቃድ ሕጉ የሚጠይቀው 40 ሰዓት ነው። እያቋረጡ የሚማሩት ግን ከ60 ሲያልፉ ማየት የተለመደ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ውጤትም ከ24 ወር በኋላ አይሠራም።

ዋናው ግን ዕድሜ ነው። አየር መንገድ 65 ሲሞላህ ያሰናብትሃል። በረራ መምረጡ፣ ዕረፍቱ፣ ካፒቴንነቱ ሁሉ ቀድሞ ለተቀጠረ ነው። በ40 ዓመቱ የሚጀምር ሰው አንድ ዓመት ሲዘገይ፣ የምትቀነሰው ዓመት ከፍተኛውን ደመወዝ የሚበላባት የመጨረሻዋ ናት።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ማቋረጥ እንደሚያስወድድ አልክድም። ግን አካዳሚው ሰውየውን የት ነው የሚያደርሰው? «በ190 ሰዓት የንግድ ፈቃድ» ይሉናል፤ ቀስ በቀስ በሚማሩበት መንገድ 250 ነው። አየር መንገዱ ግን 1,500 ሰዓት ይፈልጋል። ይህ ሕግ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አቅራቢያ ከደረሰው አደጋ በኋላ ነው። ታዲያ የተረፉት 60 ሰዓታት ምን ጠቀሙ? ቀሪውን ሰዓት የሚሞላው ሌሎችን እያስተማረ ነው። የጀማሪ አስተማሪ ገቢ ደግሞ አየር ሁኔታው ሲበላሽ ይቆማል። የብድሩ ክፍያ ግን ደመና አያውቅም።

ገንዘቡን አስቀድሞ መክፈልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲልቨር ስቴት የሚባለው የሄሊኮፕተር ትምህርት ቤት በድንገት ሲዘጋ፣ ብዙ ተማሪዎቹ ያለ ፈቃድ ከነዕዳቸው ቀሩ።

ደጋፊ፦ ዩኒቨርሲቲ ይግባ እንግዲህ። በአቪዬሽን ዲግሪ 1,500ው ወደ 1,000 ይወርድለታል።

ተቃዋሚ፦ በ40 ዓመቱ አራት ዓመት? ያለው የአካውንቲንግ ዲግሪ እኮ ለዚህ አይቆጠርለትም። ስለ ዕድሜ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ!

ደጋፊ፦ እሺ፣ ይህን ተውኩት። ከአዲስ አበባ በኤም-1፣ ማለትም በሙያ ተማሪ ቪዛ የሚመጣውስ? እሱ መንግሥት ባጸደቀው ትምህርት ቤት፣ ሙሉ ጊዜውን መማር አለበት። ቨርጂኒያ፣ ማናሳስ አየር ማረፊያ ሄዶ በትርፍ ሰዓቱ ልብረር ቢል ማን ይፈቅድለታል?

ተቃዋሚ፦ እሱ ላይ አልከራከርም፤ ምርጫ የለውም። የእኛ ሰው ግን እዚሁ ነዋሪ ነው። መጀመሪያ የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራውን ይለፍ። ልቡ ወይም ዓይኑ የማያሳልፈው ከሆነ፣ ሳይበደር ቢያውቀው ይሻላል። ከዚያ ሳያቋርጥ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚያስበርረውን ገንዘብ ይቆጥብ። እስከዚያ ንድፈ ሐሳቡን ቤቱ ያጥና።

ደጋፊ፦ ያን ሁሉ እስኪቆጥብ ልጆቹ ኮሌጅ ይገባሉ። የቤት ኪራዩን ረሳኸው?

ተቃዋሚ፦ ለሁሉም ይቆጥብ አላልኩም። የግል ፈቃዱን ብቻ በራሱ ገንዘብ ይጨርስ። ቼክራይዱን፣ ማለትም የፈቃዱን የበረራ ፈተና፣ ካለፈ በኋላ ለቀረው መበደር ካለበት ይበደር። ያኔ ብድሩ ያንሳል፤ መብረር እንደሚችልም ያውቃል። በየደረጃው የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ይምረጥ እንጂ ሙሉውን ቀድሞ እንዳይሰጥ።