የርቀት ትምህርት ያለ መግቢያ ነጥብ ይከፈት? ከመሐል ሜዳና ከደብረ ብርሃን

ጥያቄው ይሄ ነው፦ የርቀት ትምህርት ያለ መግቢያ ነጥብ ለማንኛውም አዋቂ ይከፈት ወይ? “ይከፈት” የምትለው መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ የምትሠራ የግብርና ባለሙያ ናት። “አይከፈት” የሚሉት ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜና እሁድ የርቀት ተማሪዎችን የሚያስጠኑ መምህር ናቸው።

ባለሙያዋ፦ መምህር፣ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ለማለፍ የሚጠየቀውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌላው የት ይግባ? ልጆቹን እንኳ ይተዉዋቸው። 8ኛ ክፍል ላይ አቋርጣ የተዳረች፣ ልጆቿን አሳድጋ አሁን በግ የምታረባ የመንዝ ሴት “መማር እፈልጋለሁ” ብትል መጀመሪያ የምትጠየቀው ትራንስክሪፕት ነው። እንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም የመግቢያ ነጥብ የሚባለውን ጭራሽ ተወው። መግባት ለሁሉም፣ መመረቅ ለሠራ ሰው። እኛን ምን ያግደናል?

መምህሩ፦ የሚያግደንማ ያየነው ነው፣ እህቴ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን እስከማገድ የደረሰው ጥራቱ አሳስቦት ነው፤ መልሶ የፈቀደው በኋላ ነው። ዛሬም ሞጁሉን፣ ማለትም ለብቻው የሚያጠናበትን መጽሐፍ፣ ሳይገልጥ፣ አሳይመንቱን ከፍሎ አሠርቶ ለፈተና የሚመጣ አለ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ዲግሪ ለመያዝ መታለፍ ያለበት የመውጫ ፈተና አለ። ዓመታት ከፍሎ እዚያ ላይ ለሚወድቀው ማን ይደርስለታል? ነፃ የኦንላይን ኮርሶችን ተመልከቺ። ነጥብ አይጠይቁም፣ ከተመዘገበው አብዛኛው ግን አይጨርስም።

ባለሙያዋ፦ ታዲያ መዝጋት ነው መፍትሔው? ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ቱቶሪያሉ፣ ማስጠኛው ማለት ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው፣ መንገዱ ቀን ይበላል፣ ሰላም ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አይኬድም። “ኦንላይን ይሁን” የሚሉም አሉ፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በምን ሊማሩ ነበር? የታተመ ሞጁል ይኑር፣ በአማርኛ። በድምፅ ተቀድቶ ሚሞሪ ካርድ ላይም ይጫን፣ ማየት የተሳነውም ማንበብ የሚከብደውም ያዳምጠዋል። ደግሞ ሁሉም ሰው ዲግሪ አይፈልግም! የበግ በሽታ መለየት፣ የማኅበር ሒሳብ መያዝ፣ ለሸዋ ሮቢቶቹ የሽንኩርት መስኖ፤ ምስክር ወረቀት ያለው አጭር ትምህርት ለምን አይኖርም? በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነጥብ የጠየቀ አልነበረም፣ በኋላም እስከ 15 ቋንቋ ድረስ ተስፋፍቷል።

መምህሩ፦ ዘመቻውን ማንሳትሽ ጥሩ፣ የሚመሰክረው ግን ለእኔ ነው። ያኔ አስተማሪው መንደር ድረስ ወርዶ ነው ያስተማረው። ተማሪው ሲቀር “ምነው ቀረህ?” የሚለው ሰው ነበረው። እኔ የማያቸው አዋቂዎች ብዙ ጊዜ የሚያቋርጡት ትምህርቱ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ነገር ሲያደናግራቸው የሚጠይቁት ሰው ስለሌላቸው ነው። ሞጁል በአማርኛ ቢሆንም ጥያቄ አይመልስም። አጭሩን ኮርስ እሺ፣ ያለ ነጥብ ይግቡ። ለዲግሪ ግን ቢያንስ መጀመሪያ የመሰናዶ ኮርስ ይውሰዱ።

ባለሙያዋ፦ መሰናዶውን እቀበላለሁ፣ ነጥቡን አልቀበልም። አስጠኚውንም እኔው ነኝ የምፈልገው! የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል በብዙ ቀበሌ ተሠርቷል፣ ትምህርት ቤቱም ቅዳሜና እሁድ ባዶ ነው። እዚያው ያለ መምህር አበል ይታሰብለትና ያስጠና። ቀኑም ገበያ ቀን ይሁን፣ ሴቶቹ ያን ቀን ከቤት መውጣታቸው ስለማይቀር።

መምህሩ፦ አበሉን ማን ይክፈል? ተማሪው ላይ ከተጣለ ያቺ የመንዝ ሴት ተመልሳ ውጭ ቀረች። ተቋሙ ከሚሰበስበው የምዝገባ ገንዘብ ይክፈል። አስጠኚ ባልመደበበት ወረዳም ተማሪ እንዳይመዘግብ ይከልከል። ይህ መመሪያ ላይ ካልሰፈረ፣ “በሩ ይከፈት” የሚል ወረቀት ብታመጪልኝ አልፈርምም።