ውዳሴ አምፖል

ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው በጅማ ከተማ፣ በሳሎኑ ውስጥ ባሕር ያለው ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ሌላው ሰው ጉዳዩን በየቡና ቤቱ ሲከራከርበት፣ አንዳንድ ወገኖቻችን ግን ያለ አንዳች ክርክር 300 ሊትር የጨው ውሃ በመስታወት ገንዳ ሞልተው፣ ኮራል አስፍረውበት፣ ከሶፋው ትይዩ አስቀምጠውታል። ይሁን እንጂ የዛሬው ምስጋናዬ ለገንዳው አይደለም፤ ከገንዳው በላይ ለተሰቀለው መብራት፣ ይልቁንም ያንን መብራት በየጊዜው ከእርሱ በሚበልጥ መብራት ለሚተኩት ሰዎች ነው።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን፣ ማለትም ዕፅ መሰል የውሃ ደቂቃንን፣ አስጠልሎ ይኖራል፤ እነርሱም በብርሃን ምግብ እየሠሩ አብዛኛውን ለአስጠለላቸው በመስጠት የቤት ኪራያቸውን ይከፍላሉ። ቀይ ብርሃን ከውሃው ገጽ ብዙም ሳይርቅ ተውጦ ስለሚቀርና ሰማያዊው ጠልቆ ስለሚወርድ፣ የኮራል መብራቶች ከ420 እስከ 480 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ሰማያዊ ክልል እንዲበረቱ ተደርገው ይሠራሉ። ቀድሞ ውሃውን እንደ ጀበና የሚያሞቁት የሜታል ሃላይድ አምፖሎች ነበሩ፤ ዛሬ ቦታው የኤልኢዲ ሆኗል።

ለኮራል የሚጠቅመው ብርሃን በዋት አይታወቅም፣ በዓይንም አይገመትም፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሴኮንዱ የሚያርፈው ብርሃን በማይክሮሞል፣ ማለትም በብርሃን ቅንጣቶች መስፈሪያ፣ የሚቆጠርበት መሣሪያ አለው። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ባለው ይረካሉ፤ ቅርንጫፋሞቹና ጠንካሮቹ ከ200 እስከ 350 የሚደርስ ይፈልጋሉ። ስለዚህም አዋቂዎች፣ አዲስ መብራት የገዛ ሰው ከአቅሙ ሲሶ ጀምሮ ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት እንዲጨምር፣ በቀንም ከ8 እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዓታት ብቻ እንዲያበራ ይመክራሉ። ይህ ሁሉ ግን ለፈሪ የተሰጠ ምክር ነው። የእኛ ሰው መለኪያው እንግዳ ነው፤ እንግዳው በሩን ገፍቶ ሲገባ እጁን ግንባሩ ላይ ካልጋረደ መብራቱ አንሷል ማለት ነው።

ባለፈው ዒድ የተጋበዝኩበት ወዳጄ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ሰው ነው። አዲሱን መብራት በዋዜማው አሰቅሎ፣ በማግሥቱ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ተቀበለን። በባርጩማ ተቀምጠን የተቀዳልን ቡና በዚያ ሰማያዊ ብርሃን የጽሕፈት ቀለም መሰለ፤ የእመቤቲቱ ነጠላ ከሩቅ ያበራ ነበር፤ የሳቀ ሰው ሁሉ ጥርሱ ብቻውን ተነጥሎ ይታይ ስለነበር ጥቂት ቆይተን መሳቅ ተውን። አንዲት አዛውንት ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ከልለው፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ለእኛ ዓይን ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁ። «እማማ፣ ይህ እኮ ለእኛ አይደለም፤ ለኮራሉ ነው» አላቸው። ኮራሉ በዚያን ጊዜ ዝናብ እንዳባራበት ጃንጥላ ራሱን አጥፎ ተኮማትሯል፤ ከሁላችንም ይልቅ ልባም እርሱ ነበር።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለውን ተረት እንደ ወዳጄ በተግባር ያዋለ ሰው አላየሁም፤ ገንዳው ሲሸት የሚያስተካክለው አናቱን፣ ማለትም መብራቱን ነውና። ውሃ መቀየር፣ ጨው መመዘን፣ ከኩስ የሚመጣውን ናይትሬት መለካት እጅን ከማርጠብ በቀር ለእንግዳ የሚታይ ፍሬ የለውም። ያልተቀየረ ውሃ ደግሞ የዓሣውን ኩስ ያጠራቅማል፤ በዚያ ላይ ብርሃኑ ሲበረታ ሌላ ዓይነት አልጌ ይፋፋና መስታወቱንና ድንጋዩን በአረንጓዴ ምንጣፍ ያለብሳል። መስታወቱ ሲጨልም ገንዳው ብርሃን ያነሰው ይመስላል፤ ስለዚህ የሚበልጥ መብራት ይገዛል፤ አልጌውም ይደሰታል። ባለቤቱን በየጊዜው ለአዲስ ግዥ የሚያበቃ እንዲህ ያለ የተሳካ ሥርዓት በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ አላነበብኩም።

በእንግድነታችን መካከል የከተማው መብራት ጠፋ። 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ጉርብትናው ግን ለሳሎን አልተረፈም። ወዳጄ ግን ተዘጋጅቶ ነበርና ትንሿን ጄኔሬተር አስነስቶ መብራቱን ብቻ ሰካባት፤ ለፓምፑ አልበቃችም። ኮራል አንድ ቀን ቢጨልምበት የሚጎዳው ነገር እምብዛም ነው፤ ውሃው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ግን አየር ያጥረዋል። ዓሦቹ ወደ ላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። አንዱ እንግዳ በአድናቆት ተመልክቶ፣ «እያመሰገኑ ነው» አለ፤ እኛም አሜን አልን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ኮራሉ ነጥቷል። ብርሃን ሲበዛበት በውስጡ ያስጠለላቸውን አልጌዎች አባርሮ አጥንቱ በቆዳው ውስጥ ሲታይ የሚመጣ ንጣት ነው፤ በዚያ ሳሎን ግን «እንደ በረዶ ጠራ» ተብሎ ፎቶ ይነሣበታል። ወዳጄ ብቻ በቀለሙ መጥፋት ጥቂት አዝኗል፤ ምክንያቱንም መርምሮ የመብራቱ አቅም ማነስ መሆኑን ስለደረሰበት፣ እጥፍ ጉልበት ያለውን አዝዞ እየተጠባበቀ ነው። የአሁኑን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ብጠይቀው፣ «በረንዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከመንገድ እንዲታይ» አለኝ።