የሞና ሀይደር ትልቁ ዘፈን ስለ ሒጃብ አይደለም

ሞና ሀይደር የተባለችውን ሶሪያዊት አሜሪካዊት ራፐር የሚያውቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት አንድ ዘፈን ነው፤ በማርች 2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የለቀቀችውን «ሒጃቢ»ን። ፀጉርሽ ምን ይመስላል፣ መሸፈኛው አይሞቅሽም ወይ እያሉ ለሚያሰለቿት ሁሉ መልስ የሰጠችበት ነው። በክሊፑ ላይ የተለያየ መልክና ቀለም ያላቸው ባለ ሒጃብ ሴቶች ከብበዋት፣ እሷም የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ትታያለች። ሚሊዮኖች አዩት፤ ቢልቦርድ መጽሔትም ከዓመቱ ምርጥ የተቃውሞ ዘፈኖች ተርታ አስገባው። ዘፈኑን እወደዋለሁ። ነገር ግን ይህችን ሴት በእሱ ብቻ መለካት በደል ይመስለኛል። ትልቁ ሥራዋ ከጥቂት ወራት በኋላ የመጣው፣ ከገዛ ወገኖቿ ብዙ ጭብጨባ ሊጠበቅለት የማይችለው ሁለተኛው ዘፈኗ ነው።

ሞና የተወለደችው በ1988 ሚሺጋን ውስጥ በምትገኘው ፍሊንት ነው። ፍሊንት የመኪና ፋብሪካዎቿ ሲዘጉባት የደኸየች፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነ ከተማ ናት። በ2014 የመጠጥ ውሃ ምንጯ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ተቀይሮ ሕዝቡ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ውሃ የጠጣው እዚያ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ያደገች የስደተኛ ልጅ ራፕን ከሩቅ ሰምታ የተዋሰችው ነገር አድርገን ማየት የለብንም፤ የሰፈሯ አነጋገር ነበር። መጀመሪያ በወጣትነቷ መድረክ ላይ ግጥም ታነብ ነበር። ዜማው የመጣው ኋላ ነው።

ስሟ በአገር ደረጃ የተሰማውም በዘፈን አልነበረም። በኖቬምበር 2015 የፓሪሱ ጥቃት፣ በዲሴምበር መጀመሪያ ደግሞ በካሊፎርኒያ የሳን በርናርዲኖው ግድያ ደርሶ አሜሪካ ውስጥ በሙስሊሞች ላይ ያለው ፍርሃትና ጥላቻ በናረበት ሰሞን፣ ከባለቤቷ ጋር ሆና ማሳቹሴትስ በምትገኘው ካምብሪጅ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ቆመች። ነፃ ቡናና ዶናት አቀረቡ፤ «ሙስሊም ጠይቁ» የሚል ጽሑፍም አቆሙ። መንገደኛው ቆም እያለ ጠየቀ፣ አወራ። ብዙ ሰው ይህን ደግነት ብሎ አወድሷል። እኔ ግን በውስጡ ያለው ድካም ይታየኛል። ሌላ ሰው በሠራው ወንጀል ሰበብ በብርድ ወጥቶ «እኔ እኮ ክፉ አይደለሁም» ለማለት መገደድ ቀላል ሸክም አይደለም። «ሒጃቢ» የወጣው ዶናልድ ትራምፕ ሶሪያን ጨምሮ የሰባት አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ካገዱ ከሁለት ወር በኋላ ነበር። በዚያ ዘፈን ሞና ማስረዳቱን ትታ ራሷን ቀና አድርጋ መቆም ጀመረች።

«ሒጃብና ሂፕ ሆፕ ምን አገናኛቸው» የሚሉ ሰዎች ታሪኩን ቢያውቁት ይህን አይጠይቁም ነበር። ሂፕ ሆፕ በ1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ ከተወለደ ወዲህ እስልምና አብሮት ኖሯል። የሙስሊሙ የጥቁሮች መብት ታጋይ የማልኮም ኤክስ ንግግሮች እየተቆረጡ በዘፈኖች መሃል ሲገቡ ኖረዋል። ራፐሩ ሞስ ዴፍ፣ ኋላ ያሲን ቤይ የተባለው፣ የ1999 አልበሙን የሚከፍተው በ«ቢስሚላህ» ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በ2000 የተመሠረተው ኔቲቭ ዲን የተባለው ቡድን ደግሞ በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ያለውን የዑለማ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ክርክር አክብሮ በድምፅና በከበሮ ብቻ ራፕ ሲሠራ ቆይቷል። በእንግሊዝ የጃማይካ ዝርያ ያላቸው ሁለት ሴቶች፣ ፖየቲክ ፒልግሪሜጅ በሚል ስም፣ በ2005 ከሰለሙ በኋላ ማይክራፎናቸውን አላስቀመጡም። ለእኛ ቅርብ የሆነ ክርም አለ። ጥቁር አሜሪካውያን ሙስሊሞች ሀበሻዊውን ቢላልን፣ የመጀመሪያውን ሙአዚን (ሰውን ወደ ሶላት የሚጠራ)፣ እንደ አባት ነው የሚያዩት። በ1975 ትልቁ ጋዜጣቸው እንኳ ስሙን ቀይሮ በእሱ ስም ተጠርቷል። ዲኑ ሰውን ለመጥራት በመጀመሪያ የመረጠው ድምፅ የጥቁር፣ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ድምፅ መሆኑ ለእነዚያ ወጣቶች ምን ያህል ትርጉም እንዳለው መገመት አይከብድም።

ወደ ሁለተኛው ዘፈን ልምጣ። «ዶግ» (ውሻ) የወጣው በዚያው ዓመት ክረምት ነው፤ ተዋናይቷ ጃኪ ክሩዝም አብራት ትዘፍናለች። እዚህ የሞና ዒላማ የአሜሪካ ዘረኛ አይደለም። ቀን ስለ ሐያእ (ዓይነ አፋርነት) እና ስለ ተቅዋ (ፈሪሃ አላህ) እያስተማሩ ማታ በስልክ ሴቶችን የሚያስቸግሩ፣ የሴት ድምፅ ሐራም ነው እያሉ በጓዳ ሌላ ነገር የሚለምኑ ባለ ጥምጣሞች ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ መናገር በየትኛውም የሃይማኖት ማኅበረሰብ ውስጥ ከባድ ነው። በጥላቻ ለተከበበ ማኅበረሰብ ደግሞ እጥፍ ይከብዳል፤ ጠላት እንዳይሰማ ገበናን መሸፈን እንደ ታማኝነት ይቆጠራልና። ሞና ይህን ታውቃለች። አውቃም ተናገረች። ለውጭ ሰው ስለ ራስ መልካምነት ብቻ የሚነግር መንፈሳዊ ዘፈን ቢያምርም ከማስታወቂያ ብዙ አይርቅም። እምነቱን የሚወድ ሰው በእምነቱ ስም የሚነግድ ሲያይ ዝም ካለ መውደዱ ምኑ ላይ ነው?

ሌላው ስለ እሷ ብዙም የማይወራ ነገር ትምህርቷ ነው። በ2018 ኒውዮርክ ከሚገኘው ዩኒየን ቲኦሎጂካል ሴሚናሪ በክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር የማስተርስ ዲግሪ ተቀብላለች። የጥቁሮች የነፃነት ሥነ መለኮት አባት የሚባሉት ጄምስ ኮን እስከ ሕልፈታቸው ያስተማሩት እዚያ ነው። አንዲት ሒጃብ የለበሰች ራፐር የክርስትናን ሥነ ምግባር ቁጭ ብላ ስትማር እምነቷ ላልቶ ይሆናል ብለው የሚሰጉ ይኖራሉ። እኔ የምረዳው በተቃራኒው ነው፤ በራሱ ዲን የተማመነ ሰው የጎረቤቱን መጽሐፍ ሲገልጥ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ትችቱን አልሸሽም። ሴት በአደባባይ መዝፈኗን፣ የሙዚቃ መሣሪያ መጠቀሟን፣ በክሊፑ ላይ መወዛወዟን የማይቀበሉ ሰዎች በእውነተኛ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ክርክር ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል። ያ ክርክር የቆየ ነው፣ ዑለማዎችም አልተስማሙበትም፤ የእኔ ድርሻም አይደለም። የሚያሳዝነኝ ግን ክርክሩ ሁልጊዜ በሴቷ አካል ላይ ጀምሮ እዚያው ማለቁ ነው። ወንድ ራፐር «ቢስሚላህ» ሲል ሆዱን የሚመዝን የለም።

እኛ ዘንድስ? መንዙማ ያላት አገር ስለ እምነትና ምት ጋብቻ ከማንም የምትማረው የለም። በወሎ ድቤው ተመትቶ፣ ጭብጨባው ደምቆ፣ አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ስንኝ ሲገናኙ ያደገ ሰው ሞናን ቢሰማ ብዙ አይደነግጥም። በሐረርም ሴቶች ዚክሪ ሲያዜሙ ኖረዋል። ይህ ቅርስ ለመጽናናት ብቻ አልነበረም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከጠሩት ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲለውጥ ሲገደድ ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ ሸህ ጦልሃ ነበሩ፤ እኒያው ሰው በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ መንፈሳዊ ግጥም ጽፈዋል። ግጥሙንም ተቃውሞውንም ያስኬደው አንድ እምነት ነበር።

ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጂማ ውስጥ ስልኳን አቁማ ነሺዳ (መንፈሳዊ መዝሙር) የምትቀርጽ ወጣት በራፕ ምት ብትሞክረው «ከፈረንጅ የመጣ ነው» ብሎ መዝጋት የራስን ታሪክ መርሳት ነው። ከእሷም የምጠብቀው ውዳሴ ብቻ አይደለም። በሒጃቧ ምክንያት ሥራ ስለተከለከለችው ጓደኛዋ ትናገር፤ በኡስታዝ ስም ስለተጎዳችው እህቷም ትናገር። የሃይማኖት አስተማሪዎቻችን ደግሞ ልብሷንና ድምፅዋን ከመመርመራቸው በፊት፣ የተከሰሰው ማን እንደሆነና ክሱ እውነት ይሁን አይሁን ቢጠይቁ እወዳለሁ።