ሥርዓተ ትምህርታችን ልጁን መቼ ነው የሚያየው?

ሥርዓተ ትምህርት በተቀየረ ቁጥር ክርክራችን ያው ነው። ግብረ ገብ ይግባ፣ ታሪኩ እንዲህ ይጻፍ፣ ቋንቋው ይህ ይሁን። የፍልስፍናና የማኅበረሰብ ጥያቄዎች ናቸው፤ መነሳትም አለባቸው። ምን ዓይነት ዜጋ እንደምንፈልግ ሳንነጋገር መጽሐፍ ማሳተም ከንቱ ድካም ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ልጁ እንዴት ነው የሚማረው? እዚህ ላይ ስንደርስ ስብሰባው ያልቃል።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የትምህርት ዓላማ ከተማሪው፣ ከማኅበረሰቡና ከትምህርቱ ባለሙያዎች ይሰበሰባል ይላል። ከዚያ በሁለት ወንፊት ይነፋል፤ በፍልስፍናና በሥነ ልቦና። ፍልስፍና ከእምነታችን ጋር የማይሄደውን ያስቀራል። ሥነ ልቦና ደግሞ፣ ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም እንኳ፣ በልጁ ዕድሜ ሊያዝ የማይችለውን።

ሁለተኛው ወንፊት የት እንደገባ እንጃ። ፕላዝማን አስታውሱ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ትምህርት የሚያሰራጭ ቴሌቪዥን ገባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የትም ያለ ተማሪ እኩል ትምህርት ያግኝ ነው። ግን እንግሊዝኛው ይንበለበል ነበር፣ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣም ስክሪኑ አያየውም ነበር።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለ ኩረጃ ብዙ ተወራ። እነዚያ ልጆች አንደኛ ክፍል ላይ ማንበብ እንዴት እንደተማሩ የጠየቀ ግን ብዙም አልሰማሁም።

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ነገሩ ፊት ለፊት ይታያል። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከመሀል ከተማ የመጣ ቤተሰብ ልጅና የአካባቢው ገበሬ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ከቤቱ አማርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ ይዞ ይመጣል። ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርሱ ሁለቱንም እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ የአፈር ዓይነቶችን ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። በክረምት መግቢያ ግን ጥቁሩ አፈር ጫማቸው ላይ ተለጥፎ ነው ክፍል የሚገቡት!

የሥነ ልቦና ሊቁ ፒያዤ ከ7 እስከ 11 ዓመት ገደማ ያለ ልጅ የሚያስበው በሚጨበጥ ነገር ነው ይላል። ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ ብቻውን የማይደርስበትን ከእሱ የተሻለ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይደርስበታል ይላል። ያ የሚያውቅ ሰው የግድ መምህር መሆን የለበትም። ጤፍ መቼ እንደሚዘራ የሚያውቀው የገበሬው ልጅ እዚያው ዴስኩ ላይ ተቀምጧል። ማንም አይጠይቀውም።

በ2015 የጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ እርከኑን 6-2-4 አድርጎታል (ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ)፤ አገር በቀል ዕውቀትም ቦታ አግኝቷል። ደግ ነው። ግን መምህሯ ልጆቹን ይዛ ማሳ ዳር ብትወጣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበላባታል። በሴሚስተሩ መጨረሻ የምትጠየቀው ደግሞ መጽሐፉን ጨርሳ እንደሆነ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ክለሳ አዲስ ምዕራፍ ከመጨመራችን በፊት ጥቂት ምዕራፎች ይቀነሱላት። የተረፈውን ጊዜ በምን እንደምትሞላው እሷ ትወስን።