ለመኪና ኢንሹራንስ የብድር ታሪካችን ምን አገባው?

አንድም አደጋ፣ አንድም የትራፊክ ቲኬት የሌለበት ሰው ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ከተፈረደበት ሰው በላይ የመኪና ኢንሹራንስ ሊከፍል ይችላል? አሜሪካ ውስጥ አዎ። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2015 ከሁለት ቢሊዮን በላይ የዋጋ መረጃ መርምሮ ነበር። ፍሎሪዳ ላይ ያገኘው ነገር እስካሁን ያበሳጨኛል። ያላገቡ፣ የመንዳት ታሪካቸው ንጹሕ የሆነ፣ ክሬዲታቸው (የብድር አከፋፈል ታሪካቸው) ግን ደካማ የሆነ አሽከርካሪዎች በአማካይ 1,552 ዶላር በዓመት የበለጠ ይጠየቁ ነበር። የሚበልጡትም ክሬዲታቸው እጅግ ጥሩ ሆኖ ጠጥተው በመንዳት የተፈረደባቸውን ነው።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ብዙ ሐበሻ መኪና ቅንጦት አይደለም፤ እንጀራ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ኡበር የሚሠራው፣ ማታ ሆስፒታል ገብቶ ጠዋት የሚወጣው ሁሉ ያለ መኪና አይሆንለትም። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ ክሬዲት የሚባል ነገር የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሚኒባስ ቢነዳም ብዙ ኩባንያዎች ልምዱን አይቆጥሩለትም። ትናንት መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ ጎረምሳ ነው የሚያዩት። አገር ቤት ሦስተኛ ወገን ሲገባ የሚታየው በዋናነት የመኪናው ዓይነትና የሚሰጠው አገልግሎት ነበር። እዚህ ግን ክሬዲት ካርዱን በጊዜው መክፈል አለመክፈሉ ይታያል።

ለመሆኑ ዋጋው እንዴት ነው የሚወጣው? ሥራው የአክቹዋሪዎች ነው፤ የአደጋን ዕድልና ወጪ የሚያሰሉ የሒሳብ ባለሙያዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በንብረትና በአደጋ ኢንሹራንስ ላይ የሚሠሩት የሙያ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1914 ነው። ያኔ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሕግ አዲስ ነበር፤ ተመን ለማውጣት የሚበቃ መረጃ አልነበረም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የጠየቁት ዋና ጥያቄ፣ አንድ ቁጥር የሚታመነው ስንት መረጃ ሲኖር ነው የሚል ነው። እስከ ዛሬ የሚጠቀስ የቆየ መለኪያ አላቸው። የክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ ብዛት ግምት ከእውነተኛው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይርቅ፣ ይህም በ90 በመቶ ዕድል እንዲሆን፣ 1,082 ክሌም ያስፈልጋል ይላሉ። ሥራቸውን አከብራለሁ። ጥንቃቄያቸው የእውነት ነው።

መነሻው ስሌት ቀላል ነው። ካሳ በዓመት ስንት ጊዜ ይጠየቃል? በተጠየቀ ቁጥርስ ስንት ይከፈላል? ሁለቱ ይባዛሉ፤ የቢሮ ወጪና ትርፍ ይታከላል። ሰው ከሰው የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። መነሻው ዋጋ በዕድሜ፣ በዚፕ ኮድ (በሠፈሩ የፖስታ ቁጥር)፣ በመኪና ዓይነት፣ በክሬዲት እየተባዛ ይሄዳል። ማባዛት ስለሆነ ቶሎ ይቆለላል። ሦስት ነገሮች እያንዳንዳቸው 30 በመቶ ቢጨምሩበት የ1,000 ዶላሩ ሒሳብ 2,197 ዶላር ይሆናል። ምስኪኑ ሰውዬ መኪናውን ገና ከቆመበት አላንቀሳቀሰም።

የስቴቶች ሕግ በአብዛኛው ሦስት ነገር ይላል። ተመን የተጋነነ አይሁን። ካሳ መክፈል እስኪያቅት ድረስም ዝቅ አይበል። ያለ አግባብም አያዳላ። ጭቅጭቁ ሦስተኛው ላይ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች መልስ የታወቀ ነው፦ ልዩነቱ ወጪውን እስካንጸባረቀ ድረስ አድልዎ አይደለም ይላሉ።

በጥናት በኩል ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የቴክሳስ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት በ2004 ሁለት ሚሊዮን ያህል ፖሊሲዎችን (የኢንሹራንስ ውሎችን) መርምሮ ክሬዲትና ክሌም እንደሚዛመዱ አገኘ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ፣ በ2007 ባወጣው ሪፖርት ተመሳሳይ ነገር አለ። ሁለቱም ጥናቶች ሌላም ነገር አገኙ። ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች ዝቅተኛው የክሬዲት ስኮር (ነጥብ) ላይ ከቁጥራቸው በላይ በዝተው ይገኛሉ። ኤፍቲሲ ግን ስኮሩ ዘርን ተክቶ የሚሠራው በጥቂቱ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ከኮሚሽነሮቹ አንዷ ፓሜላ ጆንስ ሃርበር በዚህ አልተስማማችም። መረጃው ኩባንያዎቹ ራሳቸው ወድደው የሰጡት መሆኑ አሳስቧት ነበር። እኔም ያሳስበኛል።

ዝምድናው ግን አለ እንበል። ሒሳቡን ልቀበለው። ጥያቄዬ ሒሳቡ ምንን ነው የሚለካው የሚል ነው። ክሌምን ነው። ክሌምና አደጋ አንድ አይደሉም። ገንዘብ ያለው ሰው ባምፐሩ ሲጎዳ 900 ዶላር ከኪሱ አውጥቶ ያሠራና ለኢንሹራንሱ ሳይነግር ዝም ይላል። ዋጋው እንዳይጨምርበት ነው። እጅ ያጠረው ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ያለው አማራጭ ክሌም ማቅረብ ብቻ ነው፤ ለዚህ አይደል ወይ በየወሩ ሲከፍል የኖረው? መዝገቡ ላይ ሲታይ የመጀመሪያው አደጋ የሌለበት፣ ሁለተኛው አደገኛ ይመስላል። መንገድ ላይ የሠሩት ጥፋት ግን እኩል ነው። ከዚህ መዝገብ የተማረ ፎርሙላ ድህነትን አደጋ ብሎ ቢጠራው አይገርመኝም።

ሠፈርም እንደዚሁ ነው። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት በ2017 ከኮንሲዩመር ሪፖርትስ ጋር ሆኖ ካሊፎርኒያን፣ ኢሊኖይን፣ ሚዙሪንና ቴክሳስን አጠና። አንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎች ነጮች በማይበዙባቸው ዚፕ ኮዶች፣ የአደጋ ወጪያቸው ተመሳሳይ ከሆነ የነጮች ሠፈሮች በአማካይ 30 በመቶ ያህል የበለጠ ሲያስከፍሉ አገኘ። የኢንሹራንስ ኢንዱስትሪው የጥናቱን ዘዴ ተቃውሟል። ነገሩ የአሜሪካ ብቻም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው ድርጅት በ2022 ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ለመኪና ኢንሹራንስ በአማካይ 250 ፓውንድ በዓመት የበለጠ እንደሚከፍሉ ዘግቧል። ለንደን ያላችሁ ይህን ሳታውቁት አልቀራችሁም።

«የአንዱ ሲቀነስ የሌላው ይጨምራል» የሚል መልስ ይሰጣል። ልክ ነው፣ ይጨምራል። ክሬዲቱን በጥንቃቄ የጠበቀ ጡረተኛ ቅናሹን ሊያጣ ይችላል። ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የመኪና ኢንሹራንስ እንደ ጫማ ወድደን የምንገዛው ዕቃ አይደለም። ሕግ ያስገድደናል። ቨርጂኒያ እንኳ ድሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቀድባት ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። መንግሥት ግዙ ብሎ ካስገደደን፣ ዋጋው መሪ ይዘን ከምናደርገው ነገር ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። የባለሙያው ጥያቄ ይህ ቁጥር ይታመናል ወይ የሚል ነው። ብንጠቀምበት ተገቢ ነው ወይ የሚለውን መወሰን ግን የሕዝብ ሥራ ነው።

ካሊፎርኒያ ይህን ወስናለች። በኖቬምበር 1988 ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን 103 የተባለውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። ተመኑ ከሁሉ በፊት በሦስት ነገር እንዲወሰን ተደረገ፤ በመንዳት ታሪክ፣ በዓመት በሚነዳው ማይልና በመንዳት ልምድ። ክሬዲት አይታይም። ሃዋይና ማሳቹሴትስም በመኪና ኢንሹራንስ ክሬዲት አይፈቅዱም። ከ35 ዓመት በላይ አለፈ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመኪና ኢንሹራንስ ዛሬም ይሸጣል። በእርግጥ የቤት ኢንሹራንስ ላይ ሌላ ታሪክ አለ። የሰደድ እሳቱ ሲበዛ ስቴት ፋርም የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በሜይ 2023 አዲስ የቤት ፖሊሲ መሸጥ አቁሟል፤ የተመን ቁጥጥሩን የሚወቅሱም አሉ። ያም መታየት አለበት፤ ካሳ ለመክፈል የማይበቃ ተመንም ሰውን ይጎዳል። የእሳት አደጋን በደንብ ማስላትና የአሽከርካሪን ዕዳ መቁጠር ግን ለየቅል ናቸው።

ሜሪላንድም የምትኮራበት ነገር አላት። ለቤት ኢንሹራንስ በክሬዲት ተመን ማውጣት ከልክላለች። በ2014 ደግሞ ኩባንያዎች ደንበኛው ዋጋ ቢጨመርበት ዝም ይላል ወይስ ወደ ሌላ ይሄዳል ብለው ገምተው ዋጋ እንዳይቆርጡ ከሌሎች ስቴቶች ቀድማ አገደች። ይህ ከአደጋ ጋር ምንም አያገናኘውም። የሚለካው የሰውን ትዕግሥት ነው። እዚያው ከርሞ ዋጋ የማያወዳድር ሰው ይቀጣ ነበር ማለት ነው።

አሁን ኩባንያዎች የሚወድዱት አዲስ ነገር በስልክ መተግበሪያ ወይም መኪናው ላይ በሚሰካ መሣሪያ አነዳድን መከታተል ነው። ከክሬዲት ይሻላል፤ ቢያንስ መንዳትን ነው የሚያየው። ነገር ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንዳት ብዙ ጊዜ ነጥብ ያስቀንሳል። ሌሊት የከፋ አደጋ እንደሚበዛ አውቃለሁ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን በሌሊት የሚነዳው ለመዝናናት አይደለም። ይህም ከአሁኑ ቁጥጥር ያስፈልገዋል።

አዲስ ለመጡት ወገኖቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ስቴቶች የተቀበሉት ሞዴል (ናሙና) ሕግ፣ ክሬዲት ጨርሶ የሌለውን ሰው በመርህ ደረጃ እንደ መካከለኛ ቁጠሩት፣ ወይም ክሬዲትን ተዉት ይላል። ቀዳዳ ግን አለው። ኩባንያው ክሬዲት አለመኖር ከአደጋ ጋር ይዛመዳል ብሎ መረጃ ካቀረበና ተቆጣጣሪው ከፈቀደለት ሌላ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ጠይቁ። «ክሬዲት ስለሌለኝ ዋጋዬ ጨምሯል ወይ?» በሉ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በክሬዲት ሪፖርት ምክንያት የበለጠ ካስከፈሏችሁ የማሳወቅ የፌዴራል ግዴታ አለባቸው። ከባድ ሕመም፣ የቤተሰብ ሞት፣ ፍቺ ወይም ከሥራ መባረር ክሬዲታችሁን ካበላሸውም በብዙ ስቴቶች ልዩ አስተያየት መጠየቅ ይቻላል።

የዲሲ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 በመኪና ኢንሹራንስ ውስጥ ሳይታሰብ የገባ አድልዎ መኖሩን ለመመርመር ሥራ ጀመረ። ሌሎቹ ስቴቶችም ይህን ማድረግ አለባቸው፤ መረጃውንም ኩባንያዎቹ ሲፈቅዱ ሳይሆን በግዴታ ይሰብስቡ። የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችንም ዝም አይበሉ። ኩባንያዎች ለስቴት የሚያስገቡት የተመን ሰነድ በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። በየከተማው ሒሳብና ስታቲስቲክስ የተማሩ ልጆች አሉን። ሰነዱን ያንብቡልን፤ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ ሲጠራም ከታክሲ ሾፌሮቻችን ጋር አብረው ይግቡ።